«ፎርማት ይደረግ» ሲሏችሁ ቆም በሉ

ከምኖርበት ውጭ አገር ለእረፍት ወደ አባባ ቤት መጥቼ ነበር። ስለ በረራው እና ስለዘገየው ሻንጣዬ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ አባባ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ከሦስት ሳምንት እረፍቴ ግማሹን የበላው እሱ ነውና።

ቤት በገባሁ በማግስቱ አባባ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ይጮሃል እንጂ አይነሳም» አሉኝ። ማብሪያውን ተጫንኩት። ፋኑ ዞረ፣ መብራቱም በራ። ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ከዚያ ከኬዙ ውስጥ ረጅም «ጢ...ጥ» የሚል ድምፅ መጣ። ትንሽ ዝም ይልና ደግሞ ይጮሃል። ካላጠፉት በስተቀር አያቆምም።

ሌላ ሰው ቢሆን «ጣሉት፣ አዲስ እገዛልዎታለሁ» ብሎ ይገላገላል። እኔም ማለቴ አልቀረም። ነገር ግን እዚያ ውስጥ የእናቴ ድምፅ አለ። እኔ ገና እንደሄድኩ ሰሞን በካሴት ቀርጻ የላከችልኝ ነው። ኋላ ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጥነው። ካሴቱ ከጊዜ ብዛት ተበላሸ። ስንት ዓመት ስመላለስ አንድም ቀን ፍላሽ ላይ ኮፒ አላደረግኩትም። ይሄ የራሴ ጥፋት ነው፣ በማንም አላሳብብም።

የመጀመሪያውን ጥገና ቤት ስሙን አልጠራም። ልጁ ኮምፒውተሩን ተቀብሎ ጥግ ላይ ካሉት ሌሎች ኬዞች ጋር ደረደረውና «ወንድሜ፣ ነገ ናና ውሰድ» አለኝ። ደረሰኝ ስጠይቀው ሳቀ። «እንተማመናለን እኮ!» የምኖርበት አገር ቢሆን የዕቃው ሴሪያል ቁጥር ሳይቀር ተጽፎ፣ ፈርሜ ነበር የምወጣው። ይህን ስል ደግሞ ከውጭ የመጣ ሰው ጉራ መሰለብኝና ዝም አልኩ። አንድ ብልህ ነገር ግን አድርጌ ነበር። ከቤት ከመውጣቴ በፊት የኬዙን ክዳን ከፍቼ ውስጡን በስልኬ ፎቶ አንስቼዋለሁ። ሁለት ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ ለጊዜው የሚያስታውስበት ቁራጭ) ጎን ለጎን ተሰክተው በደንብ ይታያሉ።

«ነገ» ዘጠኝ ቀን ሆነ። በሁለተኛው ቀን ሱቁ ዝግ ነው። በሦስተኛው ቀን «ባለሙያው አልመጣም» ተባልኩ። ያኔ ነው ልጁ ባለሙያ አለመሆኑ የገባኝ። በአምስተኛው ቀን «ባትሪው ሞቷል፣ ቀይረነዋል፣ አሁን ጥሩ ነው» አሉኝ። ሊያሳዩኝ ሲያበሩት ያው ጢጥታ። በሰባተኛው ቀን ባለሙያው ተገኘ። ኬዙን እንኳ ሳይከፍት «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል» አለኝ፤ ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ ማለት ነው። እንደ ሐኪም ፊቱን ከብዶ ስላለው አመንኩት። ማታ ለአባባ እንዴት እንደምነግራቸው ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በዘጠነኛው ቀን ሌላ ወሬ ጠበቀኝ። «ራሙን ነካ ነካ ስናደርገው ተነሳ። ግን ብሉ ስክሪን፣ ሰማያዊ የስህተት ገጽ፣ ያመጣል። ሃርድ ዲስኩ ነው። ፎርማት ይደረግና አዲስ ዊንዶውስ ይጫን።» ማዘርቦርዱስ? ተቃጥሏል አላልከኝም? ለዚህ መልስ የለም። «ፋይሉስ?» አልኩት። «ፋይሉማ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ግን ይነሳል» አለኝ።

ኮምፒውተሩ ይነሳል! ኮምፒውተሩን ማን ፈለገው?

ተሸክሜው ወጣሁ። ለምርመራ ብለው የተቀበሉኝን ገንዘብ አልመለሱም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ቤት ደርሼ ክዳኑን ስከፍት ያለው ራም አንድ ብቻ ነው። ደወልኩ። «ያኛው ተበላሽቶ ነበር፣ ጣልነው።» ፎቶ እንዳለኝ ስነግረው ስልኩ ተዘጋ። ተበላሽቶም ሊሆን ይችላል። ግን የተበላሸ ዕቃ ለባለቤቱ ይሰጣል እንጂ አይጣልም። ጥሩ ጠጋኝ የሞተውንም ቢሆን እጃችሁ ላይ ያስቀምጥላችኋል። በነዚህ ሰዎች ከዚህ በላይ ቃል አላባክንም።

አሁን ወደ ደጉ ነገር ልምጣ። ጎረቤታችን አንዲት ወጣት ጠቆሙኝ። የምትሠራው ከአንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። ኮምፒውተሩን ስታይ «ይቀመጡ፣ አብረን እንየው» አለችኝ። ይህን ቃል ስሰማ የዘጠኝ ቀኑ ንዴቴ ግማሹ በረደ።

መጀመሪያ አብርታ አዳመጠችው። መንገድ ላይ ስለተንገጫገጨ ነው መሰለኝ ጩኸቱ ተመልሷል። አልተገረመችም። «ይሄ እየነገረን ነው» አለች። ኮምፒውተር ሲበራ ዊንዶውስ ከመምጣቱ በፊት ባዮስ የሚባለው ፕሮግራም አካሉን ይፈትሻል። ራሙን ካላገኘው ስክሪን ላይ ምንም መጻፍ አይችልም። የቀረው በድምፅ መናገር ነው። የጩኸቱ ቋንቋ እንደ ባዮሱ ሠሪ ይለያያል። አዋርድ በሚባለው ረጅም ጩኸት ሲደጋገም የራም ችግር ነው። በኤኤምአይ ደግሞ ሦስት አጭር ጩኸት ወደ ራም ያመለክታል። ስለዚህ ጩኸቱን ቆጥራችሁ፣ አጭር ይሁን ረጅም ጽፋችሁ ያዙ። ዘጠኝ ቀን ሲጮህ የሰነበተው «ራሜን እዩልኝ» እያለ ነበር።

የመብራቱን ገመድ ነቀለች። ከተነቀለ በኋላ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭና ያዘችው። ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ነው አለች። የኬዙን ብረት በእጇ ነካች፤ ይህ ደግሞ ሰውነት ላይ ያለው ስታቲክ ቺፑን እንዳይመታው። ከዚያ በስሎቱ (ራሙ በሚሰካበት ቦታ) ዳር ያሉትን ሁለት መያዣዎች ወደ ውጭ ገፋችና ራሙን አወጣችው። አቧራው ሌላ ጉድ ነው። ወርቃማ መሆን የነበረባቸው ፒኖች ጠውልገው ቡናማ ሆነዋል።

ከመሳቢያዋ ነጭ ላጲስ አወጣች። የተማሪ ላጲስ! ፒኖቹን በሁለቱም በኩል በቀስታ አሸችው። ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ ጠረገችና ስሎቱንም በዚያው ብሩሽ አጸዳችው። ፒኖቹን በጣቷ አልነካችም፤ ላብ መልሶ ያበላሻቸዋል። መልሳ ስትሰካው መያዣዎቹ በሁለቱም በኩል «ቀጭ» እስኪሉ ጫነችው። እኔ ብሆን እሰብረዋለሁ ብዬ በግማሹ እተወው ነበር። ብዙ ሰውም እንደዚያ ነው የሚያደርገው አለችኝ።

አበራችው። አንድ አጭር «ጢጥ»። ስክሪኑ መጣ።

ከዚያ ብሉ ስክሪኑ ተከተለ። ልቤ ወረደ። እሷ ግን ጽሑፉን ዝቅ ብላ አነበበችና «ባትሪ ቀይረዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። «እንግዲያው ሃርድ ዲስኩ ምንም አልሆነም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ሲአር2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች። ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱንና የባዮሱን ምርጫዎች የምታቆየው እሷ ናት። ስትሞት ወይም ስትወጣ ባዮሱ የተነገረውን ሁሉ ይረሳና ከፋብሪካ ወደወጣበት ይመለሳል። በአባባ ኮምፒውተር ከተረሱት አንዱ ሃርድ ዲስኩ የሚነበብበት መንገድ ነው። ዊንዶውሱ የተጫነው ኤኤችሲአይ በሚባለው መንገድ ነበር። ባዮሱ ወደ አሮጌው አይዲኢ ተመለሰ። ዊንዶውስ 7 ሲነሳ ያዘጋጀው ለቀድሞው መንገድ ስለሆነ የራሱን ዲስክ ማንበብ ያቅተውና ሰማያዊውን ስክሪን ያወጣል። መለያው የስህተት ቁጥሩ ነው፤ መጨረሻው ላይ 7ቢ ይላል።

ዲሊት የሚለውን ቁልፍ እየነካካች ባዮስ ውስጥ ገባች። የሃርድ ዲስኩን መንገድ የሚወስነውን ሳታ የሚለውን መስመር ፈልጋ አይዲኢን ወደ ኤኤችሲአይ ቀየረችው። ሰዓቱም ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ነበር፣ አስተካከለችው። ኤፍ10 ተጭና አስቀመጠች። የዊንዶውሱ ምልክት መጣ፣ ቀጥሎ የአባባና የእናቴ ፎቶ ስክሪኑን ሞላው። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ልጅቷ የገባት ይመስለኛል፣ ለጥቂት ጊዜ ኪቦርዱን ስትጠርግ ቆየች።

ከገባንበት እስከዚህ አንድ ሰዓት አልሞላም። በዘጠኝ ቀን ማዘርቦርድም ሃርድ ዲስክም ለገደሉት ሰዎች ይድረስልኝ።

ልሄድ ስነሳ አላስነሳችኝም። «መጀመሪያ ኮፒ፣ ከዚያ ምርመራ» አለች። የእናቴን ድምፅ በሁለት ፍላሽ ገለበጥን፣ አንዱ አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ከዚያ ሜምቴስት86 ፕላስ የሚባለውን የራም መፈተሻ የያዘ ፍላሽ አዋሰችኝና ማታ ከፍቼው እንድተኛ ነገረችኝ። ዊንዶውስም የራሱ የራም መፈተሻ አለው፤ እሷ ግን ይሄኛውን ታምነዋለች። አንዲት ስህተት እንኳ ካሳየ ያ ራም አይታመንም። አንዳንዴ ብቻ የሚሳሳት ራም ፋይል ሲያበላሽ እንኳ አይታወቅበትም። ጠዋት ስነሳ ስህተት ዜሮ ይላል።

ስለ ውጭው አገርም እውነቱን ልናገር። እዚያ ደረሰኝ አለ፣ ቀጠሮ ይከበራል። ግን ይህን ኮምፒውተር ወስጄ ባሳያቸው ክዳኑን ሳይከፍቱ «ጊዜው አልፎበታል» ብለው ነበር የሚመልሱኝ። በላጲስ ራም የሚያጸዳልኝ ሰው አላገኝም። ይህችን ልጅ ይዤ ብሄድ ደስ ባለኝ።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። ባለፈው ስመጣ «ለአባባ ኮምፒውተር ፍጥነት» ብዬ አንድ ራም ይዤ መጥቼ ነበር። አልገባ ብሎ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። አሁን አውጥቼ ሳሳያት ሳቀች። ያመጣሁት ዲዲአር3 የሚባለው የራም ዓይነት ነው፣ ማዘርቦርዱ የሚቀበለው ዲዲአር2 ነው። ሁለቱም 240 ፒን ስላላቸው አንድ ይመስላሉ። ከሥር ያለችው ቁራጭ ቦታ ግን ትለያያለች፤ ደግሞ ዲዲአር2 በ1.8 ቮልት፣ ዲዲአር3 በ1.5 ቮልት ነው የሚሠራው። እንኳንም በጉልበት አልሰካሁት። ለዘመድ ራም የምትገዙ ሁሉ፣ አሮጌው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አስልካችሁ ግዙ።

ዴስክቶፑ አሁን በአንድ ጊጋባይት ራም እየተንፏቀቀ ይሠራል። ለባለ 32 ቢቱ ዊንዶውስ 7 የመጨረሻው ዝቅተኛ መጠን ነው። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ስለማያድሰው ከኢንተርኔት ነቅለነዋል። አባባ ኢንተርኔት አይፈልጉም። ማታ ማታ ያችን ድምፅ ከፍተው ይሰማሉ፣ ያ ይበቃቸዋል።

ትናንት ደውዬ ኮምፒውተሩ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ደህና ነው። ከጮኸ ብዬ ላጲሱን ኪቦርዱ ሥር አስቀምጬዋለሁ» አሉኝ።