አምስት ሳምንት ሀገር ቤት፣ አንድ የምሽት ቀሚስ

ዘንድሮ ሀገር ቤት የቆየሁት አምስት ሳምንት ነው። የተጠቀምኩበትን አገልግሎት ሁሉ ልጽፍ አስቤ ነበር። የጥርስ ሐኪሙ ጎበዝ ነው፣ አላሳመመኝም። የተከራየሁት መኪና አንድ ቀን አልነሳም ብሎ ጠዋቴን በላው፤ ከዚያ ውጪ ደህና ነው። ፀጉር ቤቱን እንለፈው። የቀረው ቦታ ሁሉ ለልብስ ዲዛይነሯ ይሁን።

ስመለስ የምገኝበት ትልቅ የራት ግብዣ ነበረኝ። ስልኬ ላይ የሰበሰብኳቸውን ፎቶዎች ይዤ ሄድኩ። አየት አደረገችና ስልኩን መለሰችልኝ። ከዚያ ጥያቄ ጀመረች። ብዙ ትቀመጫለሽ ወይስ ትቆሚያለሽ? ትጨፍሪያለሽ? ዚፑን የሚዘጋልሽ ሰው አለ? እየጠየቀች በእርሳስ ትስላለች። ሦስተኛው ንድፍ ላይ ተስማማን። ትከሻው ክፍት፣ ወገቡ ጥብቅ፣ ከዳሌ በታች ልቅቅ ያለ።

ልክ ልትወስድ ስትል መጀመሪያ ሆዴ ላይ ቀጭን ጥብጣብ አሰረች። ወዲያ ወዲህ በይ አለችኝ። ጥብጣቡ ተንሸራቶ ያረፈበት ነው ወገቡ፤ እኔ ወገቤ የመሰለኝ ቦታ ሁለት ጣት ዝቅ ይል ነበር። ከዚያ ከሃያ በላይ ቦታ ለካች። በጀርባ ከአንገት እስከ ወገብ፣ ከጡት ጫፍ እስከ ጡት ጫፍ፣ ቆሜ፣ ቁጭ ብዬ። ቀኝ ትከሻዬ ከግራው ዝቅ እንደሚል የነገረችኝ እሷ ናት። ይህን ያህል ዓመት መስታወት ፊት ቆሜ አላየሁትም።

ጨርቅ ላይ ትንሽ ተጨቃጨቅን። ዓይኔ የሚያብረቀርቀው ሳቲን ላይ ነበር። «ሳቲን ምንም አይደብቅልሽም» አለች። መርፌ የገባበት ቀዳዳ ይታያል፣ የተፈታ ስፌት ምልክት ይተዋል። ክሬፕ የሚባለውን፣ ብዙም የማያብረቀርቀውን የሐር ጨርቅ አንስታ ትከሻዬ ላይ ጣለችው። አወራረዱን ሳይ ዝም አልኩ።

በሳምንቱ ለፕሮቫ፣ ማለትም ልብሱን ለብሼ ልኩን ለማየት፣ ስሄድ ሐሬን ጠብቄ ነበር። የጠበቀኝ አቡጀዴ ነው። ነጭ፣ ደረቅ፣ በእርሳስ መስመር የተሞላ። መግነዝ ለብሼ የቆምኩ መሰለኝ። ግን ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። ሐር ላይ ቢሳሳቱ መመለሻ የለውም፤ አቡጀዴ ላይ ግን የፈለጉትን ያህል ይሳሳታሉ። ከላዬ ላይ ሳላወልቀው ብብቱን በመቀስ ቀደደችው። ጀርባውን በእስፒል ቆነጠጠች። የወገቡን መስመር ሰርዛ ከፍ አደረገችው። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆሜያለሁ። ከዚያ አቡጀዴው ይፈታል፣ ቁርጥራጩ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፣ ያ ሁሉ ምልክት ወደ ወረቀት ይገለበጣል። ሐሩ የሚቆረጠው በዚያ ወረቀት ነው።

ስትሠራ ታወራለች። ቻርልስ ፍሬደሪክ ዎርዝ ስለሚባለው እንግሊዛዊ ነገረችኝ። በ1858 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ የልብስ ቤት የከፈተ ነው። ከእሱ በፊት ልብስ ሰፊ በአመዛኙ ደንበኛ ያዘዘውን ነበር የሚሰፋው። እሱ ዲዛይኑን ራሱ አቀረበ፣ ስሙንም ልብሱ ላይ ሰፋበት። ፎቶዎቼ ለምን እንደተመለሱልኝ ያኔ ገባኝ።

የታችኛው ክፍል የተቆረጠው በሰያፍ ነው። ጨርቅ በቁመቱም በአግድሙም ቢስቡት እምብዛም አይለጠጥም። በ45 ዲግሪ ሲቆረጥ ግን ይሳባል፣ ገላ ላይ ይተኛል። በ1920ዎቹ ይህን አቆራረጥ ያስከበረችው ፈረንሳዊቷ ማድሌን ቪዮኔ ናት፤ መጀመሪያ ትንሽ የእንጨት አሻንጉሊት ላይ እየሞከረች ነበር የምትሠራው። ጣጣው ብዙ ጨርቅ መፍጀቱ ነው። ሌላም ጣጣ አለው፣ እመለስበታለሁ።

ትከሻው ክፍት የሆነ ቀሚስ ለምን አይወርድም ብዬ ሁሌ እገረም ነበር። ገልብጣ አሳየችኝ። ውስጡ ሌላ ልብስ አለ። ከጠንካራ ጨርቅ የተሰፋ፣ ቀጫጭን ዘንጎች ቁልቁል የገቡበት፣ ገላ ላይ ልክክ የሚል። ወገቡ ላይ ደግሞ በውስጥ በኩል የሚቆለፍ ጥብጣብ አለው። ቀሚሱን የሚሸከመው ወገብ ነው፤ ደረት ምንም አይዝም። መጀመሪያ ጥብጣቡ ይቆለፋል፣ ከዚያ ዚፑ ይዘጋል። ከውጭ ግን ይህ ሁሉ አይታይም፤ የሚታየው ጸጥ ያለ ሐርና በጎን የተጠለፈው ዶቃ ነው። ከሁሉም የወደድኩት ይህን ነው።

አሁን ቅሬታ። ሐሙስ ያልቃል ተብዬ ሐሙስ ሄድኩ። ቀሚሱ ያለ ዝምዝማት ማኒኬን ላይ ተሰቅሏል። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ አንዱ ጎን ከሌላው ይረዝማል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ቀን ይንጠለጠልና ወርዶ ሲያበቃ ነው ጠርዙ የሚስተካከለው። እሷ ሁለት ቀን ትተወዋለች። ልክ ናት። ግን ቀድማ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? የበረራ ቀኔን እየቆጠርኩ ነበርኮ።

ቅዳሜ ስመለስ ደግሞ ጥፋቱ የኔ ሆነ። ነጠላ ጫማ አድርጌ ሄድኩ። «እህቴ፣ ጫማሽን ይዘሽ ነይ ብዬሽ አልነበር?» ነበር። ዝምዝማቱ የሚለካው በዚያ ምሽት በሚደረገው ጫማ ነው፣ ከወለሉ ወደ ላይ። ተረከዝ ሲለወጥ ቁመቱም ይለወጣል። ጫማውን ላመጣ ወጣሁ፣ ግማሽ ቀን ሄደ።

ዶቃው ላይም አስተያየት አለኝ። በጎን በኩል የተጠለፈው ክንዴን ይፈገፍገዋል። በመጀመሪያው ምሽት ሁለት ፍሬ ረገፈ። ክንድ በሚያርፍበት ቦታ ዶቃ አታስጠልፉ። ለእድሳት ብላ ትንሽ ዶቃና ክር በከረጢት ሰጥታኛለች፣ ይመስገናት።

እናንተም የምታሠሩ ከሆነ በደረሳችሁበት ሳምንት ጀምሩ። እኔ ሦስት ጊዜ ለፕሮቫ ቆሜያለሁ፤ ያለዚያ እንዲህ አይገጥምም ነበር። ውፍረት መቀነስ ካሰባችሁም ከመለካታችሁ በፊት ቀንሱ።

አቡጀዴው እዚያው ቀረ። ስሜን ጽፋበት ከሌሎች ሴቶች አቡጀዴ ጋር ሰቅላዋለች። ስሰናበታት «እስክትመጪ እንዳትወፍሪ» አለችኝ። ቃል አልገባሁም።