አራት ኪሎ ያለው ጂም፣ ጅማቱ ተበጥሶ ለሚያውቅ ሰው

አምና ግንቦት ላይ ቅዳሜ ጠዋት ጃንሜዳ ከጤና ቡድናችን ጋር ስንጫወት የግራ ተረከዜ ጅማት ተበጠሰ፣ አኪለስ የሚሉት። ማንም አልነካኝም እኮ፣ ኳሷ ጋ ለመድረስ ፈንጠር ስል ከኋላ ሰው በታኬታ የጠለዘኝ መሰለኝ፣ ልሳደብ ዞር ስል ሜዳው ባዶ ነው። ሐኪሙም ስነግረው ሳቀ፣ ሁሉም እንደዛ ነው የሚሉት አለኝ። ጤና ቡድን ተብሎ ጤናዬን ይዞት ሄደ።

ኦፕሬሽን፣ ጄሶ፣ ክራንች ምናምን፣ እሱን ልለፈው። አክስቴ ግን ወጌሻ ጋ ካልወሰድኩህ ብላ ቁም ስቅሌን አሳየችኝ፣ ለውልቃት እሺ፣ የተበጠሰ ጅማት ግን ታሽቶ አይገጥምም ብላት እስካሁን አልተዋጠላትም።

ፊዚዮቴራፒ ጨርሼ ቀስ እያልክ ስፖርት ጀምር ስባል መጀመሪያ የሄድኩት መስቀል አደባባይ ነው። በ12 ሰዓት ደረጃው ላይ ሰው ሽቅብ ቁልቁል ሲል ለሚያየው ደስ ይላል፣ እኔ ግን ሶስት ደረጃ ወጥቼ ቁጭ ብዬ የሰው እግር ሳይ አረፈድኩ፣ እንባዬም መጥቷል አልዋሽም። ከዛ ስሙን የማልጠራው አንድ ጂም ገባሁ፣ አሰልጣኙ በመጀመሪያው ቀን ገመድ ዝለል አለኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ይሄኛው ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወረድ ነው፣ ከኮሪደር ልማቱ ፈረሳ የተረፈ ሕንፃ ላይ አራተኛ ፎቅ፣ ታፔላው ከመንገድ አይታይም። ሊፍቱ አይሰራም። እግሩ ለተጎዳ ሰው አራት ፎቅ ደረጃ ምን ማለት እንደሆነ ገምቱት፣ የመጀመሪያውን ሳምንት የደረጃውን ብረት ተደግፌ ነው የወጣሁት።

ኮቹ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ የሐኪም ወረቀቴን ጠየቀኝ፣ አነበበው፣ ከዛ የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥቶ ሁለቱንም ባቴን ለክቶ ደብተሩ ላይ ጻፈ፣ የግራው በ3 ሴንቲ ሜትር ቀጥኗል። መጀመሪያ ተቀምጬ ተረከዝ ማንሳት፣ ከሳምንታት በኋላ ቆሜ በሁለት እግር፣ ቀጥሎ በሁለቱ ወጥቼ በግራው ብቻ ቀስ ብዬ መውረድ። ሲደክምህ ቀጥል፣ ሲያምህ ንገረኝ፣ ሌላ ንግግር የለውም። ስለግም ደግሞ ቀነኒሳን ያነሳብኛል፣ ስንት ጊዜ በጉዳት አበቃለት ከተባለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 በርሊን ማራቶን ላይ 2:01:41 ሮጠ፣ ከጊዜው የዓለም ሪከርድ የዘገየው 2 ሰከንድ ብቻ ነው ይለኛል። ኧረ እኔ ታክሲ ሊያመልጠኝ ሲል መሮጥ ከቻልኩ ይበቃኛል! ጋሼ ነው የሚለኝ ደግሞ፣ ገና 41 ዓመቴ ነው።

ሌላው ነገር መካከለኛ ነው። ዋጋው በወር 3,500 ብር በቴሌብር፣ ብረቱ በቂ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ አምፖልና ሙዚቃ እንጂ ትሬድሚል አያስነሳም (ሙዚቃው ቢጠፋ ይሻል ነበር)፣ የሻወሩ ሙቅ ውሃ የዕድል ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ለአንድ ማሽን ወረፋ ስለሆነ ጠዋት ሂዱ።

በአራተኛው ወር አንድ ማለዳ መስታወቱ ፊት ቀኝ እግሬን አንስቼ በግራው ብቻ ሞከርኩ፣ ተረከዜ ከወለሉ ተነሳ። ትንሽ ነው፣ ሁለት ጣት ቢሆን ነው፣ ግን ከዛ በፊት ለወራት የሌላ ሰው እግር ይመስል አልታዘዝ ያለኝ እግር ነው። ሳላስበው ጮክ ብዬ ተመስገን አልኩ። አጠገቤ ስንት ኪሎ እንደሆነ የማላውቀውን ብረት የሚገፋው ወጣት ኢርፎኑን ነቅሎ "አቤት ጋሼ?" አለኝ፣ አይ አንተን አይደለም አልኩት።

ባሁኑ ልኬት የባቶቼ ልዩነት 1 ሴንቲ ነው። ለኅዳሩ ታላቁ ሩጫ ተመዝግቤ 10 ኪሎ ሜትሩን ልራመደው አስቤያለሁ፣ ኮቹ ገና እሺ አላለም። የምትሄዱ ካላችሁ ፎጣና ቁልፍ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሎከሩ ቁልፍ የለውም።