ጊምፕ «ፎልደሩ የለም» ሲል፦ ከስቶሬጅ ሴቲንጉ ጋር የነበረኝ ትግል

ፎልደሩ ፊት ለፊቴ ተከፍቷል። ውስጡ ያሉት ፎቶዎች አንድ በአንድ ይታዩኛል። የጨረስኩትን ፎቶ እዚያው ኤክስፖርት ላድርግ ስል ግን የፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም ጊምፕ «እንዲህ የሚባል ፋይልም ፎልደርም የለም» ይለኛል። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። ጊምፕን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ኮምፒውተሩን ሪስታርት አደረግኩ። ምናልባት የፎልደሩ ስም ረዝሞበት ይሆናል ብዬ ስሙን ሁሉ አሳጠርኩ። ምንም።

ለካ ጥፋቱ የኔው ነው። ከወራት በፊት ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ገብቼ የራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) መከላከያውን አብርቼ ረስቼዋለሁ። «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» ይባላል። ይህ ነገር ሲበራ፣ ዊንዶውስ የማያምነው ፕሮግራም ዶክመንትስና ፒክቸርስን በመሳሰሉ ፎልደሮች ላይ ምንም መጻፍ አይችልም። ማንበብ ግን ይችላል፤ ለዚህ ነው ፎቶው ያለችግር ተከፍቶ፣ ሁለት ሰዓት ተሠርቶበት፣ ሴቭ ላይ ሲደርስ ጉድ የሚፈላው። መከላከያውን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አያስፈልግም። እዚያው ገጽ ላይ የሚፈቀድላቸው ፕሮግራሞች ዝርዝር አለ፣ ጊምፕን እዚያ መጨመር ይበቃል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ከጊምፕ 2.10 ወደ 3.0 ስትሸጋገሩ የማስነሻው ፋይል ስም ስለሚቀየር የድሮው ፈቃድ ለአዲሱ አይሠራም። እንደ አዲስ መጨመር አለባችሁ።

እንግዲህ ስለ ጊምፕ ራሱ። ከ1996 ጀምሮ ያለ ነፃ ፕሮግራም ነው፣ 3.0 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው፣ ፊልተር ካደረጋችሁ በኋላ ተመልሳችሁ ማስተካከል መቻላችሁ ትልቅ እፎይታ ነው። ስለ ብሩሹና ስለ ቀለሙ ብዙ ሰው ጽፏል። እኔ ማውራት የምፈልገው ማንም ስለማይከፍታት አንዲት ገጽ ነው፦ ኤዲት፣ ፕሪፈረንስስ፣ ከዚያ ፎልደርስ። እዚያ ቴምፖራሪ ፎልደርና ስዋፕ ፎልደር የሚሉ ሁለት ቦታዎች ታገኛላችሁ።

ስዋፕ ማለት ጊምፕ ለራሱ የተመደበለት ራም ሲያልቅ የተረፈውን ዲስክ ላይ የሚያራግፍበት ቦታ ነው። እኔ ብዙ አይመስለኝም ነበር፣ እስክቆጥረው ድረስ። 24 ሜጋፒክስል ፎቶ በ8 ቢት፣ ከነአልፋ ቻናሉ (ግልጽነቱን ከሚይዘው ክፍል ጋር)፣ አንድ ሌየር (አንዱ በሌላው ላይ ከሚደረቡት የምስል ንጣፎች አንዱ) ብቻውን ወደ 96 ሜጋባይት ይመጣል። 32 ቢት ላይ ስትከፍቱት 384 ሜጋባይት ይሆናል። 10 ሌየር ደርቡበት፣ 3.8 ጊጋባይት ገደማ ሆነ፤ ገና ለ«Undo» (የሠራነውን ወደ ኋላ ለመመለስ) የሚቀመጠውን ሳንቆጥር ማለት ነው። ታዲያ ስዋፑ ካልነካችሁት የሚቀመጠው በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ ሲ ድራይቭ ላይ ነው። ሲ ደግሞ ከሞላ ኮምፒውተሩ ሃንግ ያደርጋል፣ እናንተም ጊምፕን ትረግማላችሁ።

በጣም የወደድኩት ዳሽቦርዱን ነው። ጊምፕ ውስጥ «ዊንዶውስ» ከሚለው ሜኑ ዶከብል ዳያሎግስ ውስጥ ነው ያለው። ካሽ (ለጊምፕ የተመደበው ራም) እና ስዋፕ የሚሉ መለኪያዎች አሉት፣ እየሠራችሁ ከፍ ዝቅ ሲሉ ታያላችሁ። አንድ ቀን ትልቅ ፎቶ ላይ ብለር ሳደርግ ካሹ ጢም ብሎ ሞላና ወዲያው ስዋፑ መውጣት ጀመረ፣ ብሩሹም በዚያችው ቅጽበት እንደ ቀንድ አውጣ መጎተት ጀመረ። ዳሽቦርዱ ባይኖር ኖሮ «ይሄ ፕሮግራም ከባድ ነው» ብዬ እተወው ነበር። ሲስተም ሪሶርስስ ገብቼ የካሹን መጠን ትንሽ ጨመር፣ የ«Undo»ን ሚሞሪ ትንሽ ቀነስ ሳደርገው ተነፈሰ። ያላችሁን ራም በሙሉ ግን አትስጡት፤ ለዊንዶውሱም ይተርፈው።

ሁለተኛውን ስህተቴን ልናዘዝ። ሲ ሲጠብብኝ ስዋፑን በዩኤስቢ የሚሰካ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ አደረግኩት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ዲስኩ ራሱ ቀርፋፋ ነው፣ ገመዱ ትንሽ ሲነካ ይላቀቃል፣ ከሁሉም የሚያናድደው ደግሞ ፊደሉ ይቀያየራል። ዛሬ ኢ የነበረው ነገ ፍላሽ ቀድሞት ከተሰካ ኤፍ ሆኖ ይነሳል፣ ጊምፕ ደግሞ ያንኑ የድሮውን አድራሻ ይዞ የሌለ ቦታ ያንኳኳል። ከዲስክ ማኔጅመንት ገብታችሁ ራቅ ያለ ፊደል፣ ለምሳሌ «ፒ»ን፣ ከሰጣችሁት ይህ ይቀራል። ስዋፑን ግን እዚያ አታድርጉት። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሁለተኛ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዲስክ) ካላችሁ እዚያ፣ ከሌላችሁ ሲን አጽዱና እዚያው ተዉት።

ከድሮ ኮምፒውተር የመጣ ድራይቭ ላይ «አክሰስ ዲናይድ» የሚል ካያችሁ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። ኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ የዲስክ ፎርማት) በሆነ ድራይቭ ላይ የፋይሉ ባለቤት ሆኖ የተመዘገበው የድሮው ኮምፒውተር አካውንት ነው፣ አዲሱ አያውቀውም። ፎልደሩን ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሴኪዩሪቲ፣ አድቫንስድ፣ እዚያ ኦውነሩን ወደ ራሳችሁ ቀይሩ፣ ውስጡ ላሉትም እንዲሠራ ምልክት አድርጉ። ይህን በፎቶ ፎልደራችሁ ላይ ብቻ። በመላው ሲ ድራይቭ ላይ የሞከረ ሰው ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ለመጫን ይዘጋጅ። «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» የሚለውን አቋራጭም አልወደውም፤ ጊምፕን እንደዚያ ከከፈታችሁት ፎቶ ከፎልደር ጎትቶ መጣል እንኳ እምቢ ይላችኋል።

ማክ ላይ ከሆናችሁ አስቀድማችሁ የድራይቩን ፎርማት እዩ። ማክ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም፣ ስለዚህ ፈቃድ ብትሰጡት ባትሰጡት ለውጥ የለውም። ለሁለቱም የሚስማማው ኤክስፋት ነው፤ ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ፎርማት ማድረግ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ መጀመሪያ ኮፒ ያዙ። ፎርማቱ ልክ ሆኖ አሁንም ካስቸገረ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ለጊምፕ የኤክስተርናል ድራይቭ ፈቃድ መብራቱን እዩ። ሊኑክስ ላይ በስናፕ (ፕሮግራሙን ከሌላው ሲስተም ለይቶ በሚጭነው ዘዴ) የጫናችሁት ከሆነ ደግሞ «ሪሙቨብል ሚዲያ» የምትለዋን ፈቃድ እስክትከፍቱለት ድረስ ፍላሻችሁን አያያትም።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። ስዋፕ ፎልደሩን በቀየራችሁ ቁጥር ጊምፕን ዘግቶ መክፈት ግድ ነው። ይህ ይታለፋል። የስህተት መልእክቱ ግን አይታለፍም። ሲስተሙ ያለውን ቃል በቃል ከሚደግም «መጻፍ ተከልክያለሁ፣ ፈቃዱን እይ» የምትል አንዲት መስመር ቢጨምር ግማሽ ቀኔ ይተርፍ ነበር። ለዚህ አንድ ኮከብ ቀንሼበታለሁ፣ ከ5 4 ይበቃዋል። ፒ የሚል ፊደል የሰጠሁት ኤክስተርናል ዲስክም አሁን ያለቁ ፎቶዎች ብቻ ተቀምጠውበት በሰላም ይኖራል።