«100 ዲቢ» እየተባለ የሚሸጠውን የራውተር አንቴና አትግዙ

ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ብቻ ኔትወርክ በሚያስቸግርበት ዳር ዳር የምትኖሩ ሁሉ፣ ይቺን ሳታነቡ ብር እንዳትከፍሉ።

እኔ የምኖረው ሱሉልታ ነው። ቤት ለቤት እየዞሩ አንቴና የሚገጥሙ ልጆች መጡ። «100 ዲቢ ነው፣ ከሁሉም አቅጣጫ ይስባል» አሉኝ። ዲቢ (ዴሲቤል) ሲግናል ምን ያህል እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚለካበት ነው። ልጄ በኦንላይን ትማራለች፣ ቸኩያለሁ። 9,000 ብር ቆጥሬ ሰጠሁ።

ኢንተርኔቱ ባሰበት። የራውተሩን ገጽ ከፍቼ አርኤስአርፒ (RSRP) የሚለውን፣ ከታወር የሚደርሰውን ሲግናል ጥንካሬ የሚያሳየውን ቁጥር አየሁ። ነጋቲቭ 80 ጥሩ ነው፣ ነጋቲቭ 110 ደካማ። ራውተሩ መስኮት ላይ እያለ ነጋቲቭ 101 ነበር። በአዲሱ አንቴና ነጋቲቭ 108 ሆነ። ከፍዬ አስበላሸሁ!

ሲግናሉን የበላው ገመዱ ነው። ከጣራው እስከ ሳሎን 20 ሜትር ቀጭን ገመድ ዘርግተውልኛል። አርጂ 58 የሚባለው ነው። የሞባይል ኔትወርክ በሚሠራበት በ1800 ሜጋኸርዝ ሞገድ በየሜትሩ ከግማሽ ዲቢ በላይ ያጠፋል። 20 ሜትር ሲሆን ከ10 ዲቢ በላይ ሄደ ማለት ነው። 10 ዲቢ ሲጠፋ ከሲግናሉ የሚተርፈው አንድ አስረኛው ብቻ ነው። ራውተሩ ሁለት የአንቴና ቀዳዳ እያለው ደግሞ አንዱን ብቻ ነው የሰኩት።

100 ዲቢ የሚባለውም ውሸት ነው። ግዙፍ የሳተላይት ጣቢያ ሳህኖች እንኳ እዚያ አይደርሱም። ፓነል የሚባለው ጠፍጣፋ የቤት አንቴና አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ነው።

ጎረቤቴ እትዬ ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያይ አንቴና ተሸጠላቸው። ፊቱን ወደ አዲስ አበባ አዙረውት ሄዱ። መሃል ላይ እኮ እንጦጦ ተገትሯል! ሲግናሉ የሚመጣው ከዚሁ ከከተማችን ታወር ነው።

በኋላ አንድ የሰፈራችን ልጅ አስተካከለልን። ራውተሩን ከጣራው ሥር አስጠግቶ ገመዱን 5 ሜትር አደረገው። የኔን አንቴና አውርዶ ሁለት ገመድ ያለው ፓነል ሰቀለልኝ። ከቆርቆሮው ከፍ አድርጎ፣ ባህር ዛፉ እንዳይጋርደው ወደ ጎን ወሰደው። ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ እያዞረ፣ በየመሃሉ አንድ አንድ ደቂቃ እየጠበቀ ቁጥሩን አነበበ። ነጋቲቭ 91 ላይ ቆመ። የእትዬንም ወደ ታወሩ መለሰው።

ሻጮቹን ደውዬ ብሬን ስጠይቅ «ደረሰኝ አለሽ?» አሉኝ። የለኝም። እናንተ ግማሽ ከፍላችሁ ቀሪ ካለባችሁ፣ መጀመሪያ ቁጥሩን በፊትና በኋላ ራሳችሁ አንብቡ። ካልተሻሻለ ቀሪውን አትስጡ።