ወፉ አለ፣ ሰነዱ የለም፦ ስለ አንድ የእንስሳት መሸጫ መደብር

በቤት ውስጥ የሚያድጉ ወፎችንና ሌሎች ያልተለመዱ እንስሳትን ወደሚሸጥ አንድ መደብር ሁለት ጊዜ ሄጄ ነበር፤ ሐሳቤም ግራጫውን የአፍሪካ በቀቀን መግዛት ነበር። አያያዛቸውን አመሰግናለሁ፤ የሽቦ ቤቶቹ ሰፊ ናቸው፣ ውኃው ንጹሕ ነው፣ ሻጩም ወፉ ብቻውን ሲቀር የራሱን ላባ እንደሚነጭ ሳይደብቅ ነግሮኛል።

ቅር ያሰኘኝ ሰነዱ ነው። ይህ በቀቀን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ፣ በ1973 በተፈረመው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት፣ በተለምዶ ሳይተስ በሚባለው፣ አባሪ አንድ ላይ የሰፈረ ነው፤ ስለሆነም ከዱር የተያዘውን ለንግድ ድንበር ማሻገር የተከለከለ ሲሆን፣ በተመዘገበ አራቢ ዘንድ ተፈልፍሎ ያደገው ግን በፈቃድ ሊሸጥ ይችላል። ወፉን በቤት ማኖርን የሚወስነው ደግሞ የየአገሩ ሕግ ስለሆነ፣ አንዱ ዘንድ የተፈቀደው ሌላው ዘንድ ያስቀጣል።

አራቢዎች ጫጩቱ ገና የጥቂት ቀናት ዕድሜ ሳለ መገጣጠሚያ የሌለው ቀለበት በእግሩ ያጠልቃሉ። እግሩ ካደገ በኋላ እንዲህ ያለው ቀለበት ሊገባ ስለማይችል፣ ወፉ በሰው እጅ ለማደጉ ጥሩ ምልክት ነው። የቀረበልኝ ወፍ ቀለበት ግን ስንጥቅ ነበረው፤ ጠጋ ብዬ ሳየው ጫፎቹ በፒንሳ ተጨምቀው የተገጠሙ ናቸው። ይህ ብቻውን ጥፋትን አያረጋግጥም፤ ክፍት ቀለበት ለመለያነትም ያገለግላልና። ሆኖም በላዩ ከተቀረጸው ቁጥር የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ሻጩ ባሳየኝ የሰነዱ ፎቶኮፒ ላይ ካሉት ይለያሉ። ዋናውን ሰነድ እንዲያሳየኝ ስጠይቀው፣ «መጀመሪያ ይክፈሉ፣ ከዚያ እናመጣልዎታለን» አለኝ።

ይህን መቀበል አልቻልኩም። ሰነድ የሌለው ወፍ ቢወረስ ገንዘቡን የሚያጣው፣ ክስ ቢመጣም የሚጠየቀው ገዢው ሊሆን ይችላል፤ ወፉም በደንብ ከተያዘ አርባ ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሚኖር ጥያቄው ዕድሜ ልክ ይከተላል። እዚያ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ዋናውን ሰነድ በእጁ ይዞ ቁጥሩን ከቀለበቱ ጋር ሳያመሳክር ቀብድ እንኳ እንዳይከፍል አጥብቄ እመክራለሁ።

በሁለተኛው ቀን ስመለስ የሽቦ ቤቱ ባዶ ነበር። ወፉ ከነዋናው ሰነዱ ተሽጦ እንደሆነ ሻጩን ጠየቅሁት፤ መልስ ሳይሰጠኝ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።