ለኤክስኤምኤል ዳታቤዝ የቱን ደንበኛ እንምረጥ?

ኤክስኤምኤል ዳታቤዝ በኤክስኤምኤል ምልክቶች የተዋቀሩ ሰነዶችን የሚያስቀምጥ ነው፤ ደንበኛ የምለው ደግሞ ወደ እሱ የምንገባበትን ፕሮግራም ነው። በዚህ ወር ብቻ ሦስት ሰው ጠየቀኝ። «ዳታቤዙን ጭኜዋለሁ፤ አሁን በምን ልግባበት?» ሁለቱ ቀድመው ያነሱት ዋጋ ነው። እኔም ከዚያው ልጀምር።

ዳታቤዙ ራሱ፣ ቤዝኤክስም ሆነ ኢግዚስት ዲቢ፣ ነጻ ነው። ኪስ የሚነካው ኦክሲጅን የሚባለው የኤክስኤምኤል ማዘጋጃ ኤዲተር ነው። ኢግዚስትን ከፍቶ ውስጡን እንደ ፎልደር ያሳያችኋል፤ ምቾቱን አልክድም። ለ30 ቀን በነጻ ትሞክሩታላችሁ። ከዚያ በውጭ ምንዛሪ ክፈሉ ይላችኋል። ብሩ ቢኖር እንኳ ካርዱ ከየት ይመጣል? ሰው ቴሌግራም ላይ ክራክ ፍለጋ የሚገባው ያኔ ነው። እኔም ገብቻለሁ። ሁለት ሳምንት ሠራልኝ፣ በሦስተኛው ላፕቶፔን ፎርማት አስደረግሁ። ነጻ ነው ያልኩት ነገር ለፎርማት አስከፈለኝ።

ከዚያ ወደ ጃቫ ዞርኩ። እዚህ ኤክስኤምኤል ዲቢ ኤፒአይ እና ኤክስኪውጄ የሚባሉ፣ የጃቫ ኮድ ከዳታቤዙ ጋር የሚነጋገርባቸው መንገዶች አሉላችሁ። ኤክስኪውጄ እ.ኤ.አ. በ2009 ወጥቶ ስሪት 1.0 ላይ ቀርቷል። ድራይቨሩን፣ ማለትም ኮዱን ከዳታቤዙ የሚያገናኘውን ፋይል፣ ከጓደኛዬ በፍላሽ ገለበጥኩ፤ የየት ስሪት እንደሆነ እሱም አያውቅም። በጃቫ 8 ጻፍኩና የብራና መጻሕፍት ዝርዝር ላክሁበት። ጠዋት ስከፍተው «ተአምረ ማርያም» የነበረው «???? ????» ሆኗል።

ጥፋቱ የድራይቨሩ ብቻ አልነበረም። ኮዴ ጽሑፉን ወደ ባይት ሲቀይር የዊንዶውሱን ነባሪ ኢንኮዲንግ (ፊደልን በባይት የሚጽፍበትን ሥርዓት) ተጠቀመ። ያ ኢንኮዲንግ ፊደላችንን ስለማያውቅ ሁሉንም በጥያቄ ምልክት ተካው። የተዘበራረቀ ፊደል ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ጥያቄ ምልክት የሆነ ግን ሄደ ነው። ሁለት ሌሊት እንደገና ስለቅም አደርኩ። ጃቫ ፊደላችንን የሚያውቀውን ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ 8ን ነባሪ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2022፣ በስሪት 18 ነው።

አሁን የምጠቀመው የቤዝኤክስን ሬስት ነው፤ ዳታቤዙን እንደ ድረ ገጽ በአድራሻ የምንጠራበት መንገድ ነው፤ ለጠየቀኝም ሁሉ እሱኑ እላለሁ። ድራይቨር የለ፣ ክፍያ የለ። ከርል በሚባለው የትእዛዝ መስመር መሣሪያ አንድ መስመር ጽፋችሁ ፋይል ታስገባላችሁ፣ በሌላ መስመር ትጠይቃላችሁ። ፓይተንም ፒኤችፒም ያናግሩታል። በብሮውዘር ማየት ለፈለገ ቤዝኤክስ ዲቢኤ የሚባል ገጽ አብሮት ይመጣል። ደግሞ የቤዝኤክስ ማውረጃው ቀላል ነው። ኢግዚስት ከመቶ ሜጋባይት በላይ ነው፤ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ይህም ዋጋ ነው።

የቤዝኤክስ የዴስክቶፕ መስኮት ግን አያታላችሁ። ሰርቨሩን የሚያናግር ደንበኛ አይደለም፤ ዳታቤዙን በቀጥታ ነው የሚከፍተው። ሰርቨሩ እየሠራ በዚያ መስኮት ካስተካከላችሁ ዳታው ሊበላሽ ይችላል።

ዳታቤዙን እንደ ኔትወርክ ፎልደር የሚከፍተው ዌብዳቭስ? ለትንንሽ ፋይል ይሁን። ዊንዶውስ ቅንብሩን ካልነካካችሁት ከ50 ሜጋባይት በላይ አያሳልፍም።

ሙሉ ድረ ገጽ ልሠራበት ለሚል ግን ኢግዚስትን አልከለክልም። የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲው «ቤተ መጻሕፍት» ፕሮጀክት የኢትዮጵያንና የኤርትራን የብራና ጽሑፎች መረጃ ለሕዝብ ያቀረበው በእሱ ነው። የአድሚን የይለፍ ቃሉን ብቻ ባዶ አትተዉት።

የቱንም ብትመርጡ መጀመሪያ አንድ መዝገብ ብቻ አስገቡና መልሳችሁ አውጡት። «ጰራቅሊጦስ» የሚል ቃል ይኑርበት። ጰ እንደ ገባች ከወጣች የቀረውን ላኩ።