«በሁሉም አየር መንገዶች የተፈቀደ» ተብለው በሚሸጡ የሕፃናት አልጋዎችና ማሰሪያዎች እንዳትታለሉ

ከሕፃን ልጅ ጋር ለረጅም በረራ የምትዘጋጁ ወላጆች፣ በኢንተርኔት ገበያዎች «በሁሉም አየር መንገዶች የተፈቀደ» እየተባሉ ለሚሸጡት በአየር የሚነፉ የልጅ አልጋዎችና የመቀመጫ ማሰሪያዎች ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ አደራ እላለሁ። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለዓለም አየር መንገዶች ሁሉ በአንድነት የሚፈቅድ አካል የለም። በመንገደኞች ክፍል ውስጥ ምን መጠቀም እንደሚቻል የሚወስነው እያንዳንዱ አየር መንገድ ነው፤ እርሱም የሚመራው በአገሩ የአቪዬሽን ሕግ ስለሆነ ማስታወቂያው ገና ከመነሻው እምነት የሚጣልበት አይደለም።

ከሁሉ በላይ ወላጆችን የሚያማልለው፣ በልጁ መቀመጫና ከፊቱ ባለው መቀመጫ መካከል በሚገኘው የእግር ማሳረፊያ ክፍተት ተነፍቶ ለልጁ መኝታ የሚሆነው ትራስ ነው። አንዳንድ አየር መንገዶች ይህን ትራስ ጨርሶ ከልክለዋል፤ ሌሎች ደግሞ በመስኮት በኩል ባለ መቀመጫ ላይ ብቻ፣ ያውም አውሮፕላኑ ሲነሣና ሲያርፍ አየሩ ወጥቶ እንዲታጠፍ በማዘዝ ይፈቅዳሉ። ክልከላው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ድንገተኛ አደጋ ደርሶ ተሳፋሪዎች በፍጥነት መውጣት ሲኖርባቸው የተነፋ ትራስ መተላለፊያቸውን ይዘጋል። ለእኛ የሸጠልን ነጋዴ፣ የበረራ አስተናጋጆቹ ትራሱን እንዳንጠቀም መከልከላቸውን ስንነግረው፣ ማሸጊያው ስለተከፈተ ገንዘባችሁን አልመልስም ብሎናል፤ ማስታወቂያውን ግን እስከ ዛሬ አላረመም።

የማሰሪያው ጉዳይ ከገንዘብም ያልፋል፤ የልጅ ሕይወት ነውና። ኬርስ (CARES) የተባለው፣ በመቀመጫ ጀርባ ላይ የሚታሰረው የልጅ ማሰሪያ በአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የጸደቀ ሲሆን፣ የሚያገለግለውም ክብደታቸው ከ10 እስከ 20 ኪሎ ግራም፣ ቁመታቸው እስከ 1 ሜትር ለሆነና በራሳቸው መቀመጫ ለሚቀመጡ ልጆች ነው። እርሱን አስመስለው የተሠሩ፣ ነገር ግን ማጽደቂያውን የሚገልጽ ጽሑፍ የሌለባቸው ቀበቶዎች በርካሽ ይሸጣሉ፤ ጥንካሬያቸው ስለ መፈተኑ ምንም ማረጋገጫ የሌለውን ቀበቶ በልጄ ደረት ላይ ለማሰር እኔ አልደፍርም። ልጁን በወላጁ ቀበቶ ላይ የሚያያይዘው ተጨማሪ ቀበቶም በአውሮፓ አየር መንገዶች ዘንድ የተለመደና በአስተናጋጆች የሚሰጥ ሲሆን፣ በአሜሪካ ግን አውሮፕላኑ ሲነሣና ሲያርፍ መጠቀም አይፈቀድም። ታዲያ «በሁሉም» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

ሻጮቹ የማይናገሩት ሌላም ነገር አለ። ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በወላጁ ጭን ላይ የሚጓዝ ከሆነ የራሱ መቀመጫ አይኖረውም፤ ስለዚህ አልጋውም ሆነ በመቀመጫ ጀርባ ላይ የሚታሰረው ማሰሪያ የሚዘረጋበት ቦታ የለም። ማስታወቂያዎቹ ግን ገና ጥቂት ወራት የሆናቸውን ሕፃናት ሥዕል ይለጥፋሉ።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የዕቃውን ስም ጠቅሳችሁ አየር መንገዱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም በጉዞው ቀን በእጃችሁ ያዙት። ጉዞው ከአንድ በላይ አየር መንገድ የሚያካትት ከሆነ ሁሉንም ጠይቁ፤ የአንዱ ፈቃድ ሌላውን አያስገድድም። አስቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ ሻጩ ማስታወቂያውን ሳይቀይረው ፎቶ አንሡት፤ ገንዘባችሁን የምትጠይቁትም ዕቃው አልተስማማንም ብላችሁ ሳይሆን፣ በተገለጸው መሠረት አልተገኘም ብላችሁ ይሁን፤ የከፈላችሁት በባንክ ካርድ ከሆነም ክርክሩን ለባንካችሁ ሳትዘገዩ አቅርቡ።